«ለሁሉም ይሆናል» የሚባለውን የክሮለር ሊንክ አትግዙ

ጎንደር ውስጥ የሪሞት ሮክ ክሮለር (ድንጋይ ላይ የሚወጣ ትንሽ መኪና) ለምትነዱ ሁሉ፦ በቴሌግራም የሚዘዋወረውን «ባለ አራት ሊንክ ሙሉ ስብስብ፣ ለማንኛውም 1/10 መኪና ይሆናል» የሚል ዕቃ አትግዙ። ሊንክ ማለት አክስሉን ከሻሲው (ከመኪናው አጽም) ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ነው፤ 1/10 ደግሞ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ መጠን ማለት ነው። ሻጩን በስም አልጠራም፤ ማስታወቂያውን ስታዩት ታውቁታላችሁ።

ለሁሉም የሚሆን ሊንክ የለም። የአንድ ፋብሪካ መኪኖች እንኳ ይለያያሉ፤ የትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 ዲፌንደር ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 324 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ብሮንኮው 312 ነው።

ትልቁ ጉዳት ግን የፊት አክስሉ ላይ ነው። እንደ አክሲያል ኤስሲኤክስ10 ሁለት ያሉ መኪኖች የመሪው ሰርቮ (ጎማውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ሻሲው ላይ ስለተቀመጠ ከፊት ሦስት ሊንክና አንድ ፓንሃርድ፣ ከኋላ አራት ሊንክ ይዘው ተሠርተዋል። ፓንሃርዱ አንድ ጫፉ ሻሲው ላይ፣ ሌላው አክስሉ ላይ ታስሮ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከሰርቮው የሚወጣው የመሪ ዘንግ ከፓንሃርዱ ጋር ትይዩ፣ በርዝመትም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ ሁለቱ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ የጎማው አቅጣጫ አይዛባም። ይህ ስብስብ ግን ፓንሃርዱን አውጥታችሁ አራት ሊንክ እንድታስሩ ያደርጋችኋል። ሰርቮው አክስሉ ላይ ለተቀመጠበት መኪና አራት ሊንክ ጥሩ ነው፤ እኔም እመርጠዋለሁ። ሰርቮው ሻሲው ላይ ከሆነ ግን አክስሉ ቀጥ ብሎ ሲወጣ የመሪው ዘንግ ቅስት እየሠራ ጎማውን ይጎትተዋል።

አንድ የሰፈራችን ልጅ ይህንኑ አስሮ በጎሃ ተራራ ዳገት ድንጋይ ላይ ሲነዳ አይቻለሁ። የግራው የፊት ጎማ ድንጋዩን ረግጦ ከፍ ሲል፣ ልጁ መሪውን ሳይነካ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ወደ ጎን ታጠፉና መኪናው ተገለበጠ። መሪውን ሲያዞር ደግሞ ሰርቮው ጎማውን ከማዞር ይልቅ አክስሉን እንዳለ ወደ ጎን ይገፋው ነበር። ልጁ ሰርቮው የተበላሸ መስሎት ሌላ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ ነበር። ያናደደኝም ይህ ነው።

ቤት ወስደን ፈታነው። የሊንክ ርዝመት የሚለካው ከአንዱ ጫፍ ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው ቀዳዳ መሃል ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ልክ ግን የዘንጉ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ጫፎቹ ሲገቡበት ይረዝማል። በዚህ የተነሳ የኋላው አክስል ወደ ኋላ ተገፍቶ ካርዳኑ (ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ) ከመያዣው ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የላይኞቹ ሊንኮች ደግሞ ከታችኞቹ ጋር ስላልተመጣጠኑ ካርዳኑ የሚገባበት የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አዘንብሎ የካርዳኑ መገጣጠሚያ እየተፋጨ ተበልቷል።

በዚያ ላይ «ቲታኒየም» ተብሎ ነው የተሸጠው። ማግኔት ሳስጠጋው ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ቲታኒየም በማግኔት አይያዝም፤ በኩቢክ ሴንቲሜትር ክብደቱም 4.5 ግራም ገደማ ሲሆን የብረት 7.8 ነው። ብረት ለታች ሊንክ መጥፎ አይደለም፤ ክብደቱ ወደ መሬት ስለሚቀርብ መኪናው ቶሎ እንዳይገለበጥ ይረዳል። ነገር ግን በብረት ዋጋ፣ በብረት ስም ይሸጥ።

በቴሌብር ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሻጩ ሊንኩን ከነጫፎቹ በካሊፐር (በሚሊሜትር መለኪያ) ለክቶ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ከመኪናችሁ ላይ የፈታችሁትን ሊንክ በተመሳሳይ መንገድ ለክታችሁ አስተያዩ። ሻጩ «የሰርቮው ቦታ ለውጥ አያመጣም» ካለ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። ደረሰኝም ጠይቁ፤ አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፣ ለአቤቱታ ግን ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። የማስታወቂያውን ምስልም ሳይጠፋ አስቀምጡት።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ የፊቱን ፈትታችሁ ፋብሪካው የሠራውን ሦስት ሊንክና ፓንሃርድ መልሱ። የኋላዎቹን አንድ በአንድ ለክታችሁ ከቀድሞዎቹ ጋር እኩል የመጡትን ብቻ ተጠቀሙባቸው።