ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በጀልባ፦ ለአስጎብኚው አምስት ኮከብ፣ ለጀልባው ሁለት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ባል ከሃዋሳ መጥቶ ነበርና ጣናን ሳታይማ አትመለስም ብዬ ዘጌ ወሰድኩት፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም። ፎቶውን ከለጠፍኩ በኋላ ብዙ ሰው በኢንቦክስ እንዴት ነበር ስላለኝ እዚሁ ልጻፈው። የጀልባዎቹን ስም አልጠራም፣ ነገር አልፈልግም።

ጀልባውን ቶሎ ልለፈው። ሁለት ሰዓት ተባብለን ሦስት ተኩል ተነሳን፣ ለካ ሰው እስኪሞላ ነው። ለስምንት ሰው አምስት ላይፍ ጃኬት ነበር፣ የኔዋ ደሞ ማሰሪያዋ ተበጥሶ በሲባጎ ነው የተቋጠረችው። ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ስለነበር ሳቅንበት እንጂ የከሰዓቱን ማዕበል ለሚያውቅ ቀልድ አይደለም። ስንመለስ "የመጠበቂያ" ብለው ጨመሩብን። የገዳሙ መግቢያ ለብቻ፣ የአስጎብኚው ለብቻ መሆኑንም ቀድማችሁ እወቁ።

አሁን ወደ ዋናው። ከጀልባ ወርዳችሁ በቡናው ጫካ መሀል ሽቅብ ትወጣላችሁ፣ የደንገል ታንኳ በትንንሹ ሠርተው የሚሸጡ ልጆች ይከተሏችኋል፣ (ዘጌ ገዳሙን መሠረቱ ከሚባሉት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በሬ ተጠምዶ አይታረስም ይባላል፣ ለዛ ነው ጫካው እንዲህ የቀረው)። አስጎብኚያችን የዛው አገር ልጅ ነው፣ ዲያቆን፣ ሥዕሎቹን የሚያሳየው በረጅም ሸምበቆ ነው። እኔ ስንቴ ሄጄ "ይሄ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ይሄ ቅዱስ ሚካኤል" ሲሉኝ ሰምቼ ነው የተመለስኩት። የዘንድሮው ሌላ ነው።

የእህቴ ባል ፕሮቴስታንት ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በስልኩ ይዞ ነው የሚዞረው። ጫማ አውልቀን ገባን። ቤተ ክርስቲያኑ ከውጪ ክብ ነው፣ መሀል ላይ መቅደሱ ግን አራት ማዕዘን ነው፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል። ዲያቆኑ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ የሙሴን ድንኳን አከፋፈል ሲያስረዳ ሰውዬዬ አቋረጠው፦ "ወንድሜ፣ ጌታ ሲሰቀል የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ተቀዷል አይደል? ታዲያ እዚህ ማን መልሶ ሰፋው?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዲያቆኑ ግን ሳቀና ሸምበቆውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። በብሉይ ሊቀ ካህናቱ ብቻውን በዓመት አንዴ የእንስሳ ደም ይዞ ይገባል አለ፣ ሕዝቡ ውጪ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከውስጥ የሚቀምሰው ነገር የለም። "እኛ ጋ ግን ደሙ ከመጋረጃው ወደ ሕዝቡ ነው የሚወጣው፣ የአርባ ቀን ሕፃን ሳይቀር ይቀበላል። ተቀደደ ማለት ለኛ ይሄ ነው።" ከዛ አርባ ቀኑን ራሱ ከየት አመጣነው ብሎ ጠየቀን። ዘሌዋውያን 12 ላይ ወንድ የወለደች ሰባትና ሠላሳ ሦስት ቀን ትቆያለች ይላል፣ አርባ፣ ለሴት ልጅ ሰማንያ። ቀኑ የኦሪት ነው፣ በቀኑ ሚሰጠው ግን ጥምቀት። ልጆቼን በአርባና በሰማንያ ቀን ክርስትና ሳስነሳ አንድም ቀን እንዲህ አላሰብኩትም።

የእህቴ ባልም ዝም የሚል አይደለም፣ ዕብራውያን 8፥13ን ከፈተ፣ አዲስ በማለቱ ፊተኛውን አስረጅቶታል የሚለውን። ዲያቆኑ ከቁጥር 8 ጀምረህ አንብብ አለው። ሲያነበው ቃሉ የኤርምያስ ነው፣ ምዕራፍ 31። "አዲስ ኪዳን ይመጣል ያለው ብሉይ ራሱ ነው፣ በልባቸው እጽፈዋለሁ ያለውም ሕጌን ነው፣ ከድንጋይ ወደ ልብ ነው የተዛወረው።" እዚህ ጋ ግን እውነት ለመናገር ያማቻችን መልስ ጠንካራ ነበር፣ ኤርምያስ እኮ ከግብፅ ባወጣኋቸው ቀን እንደገባሁት ያለ ኪዳን አይደለም ይላል፣ ቦታ መቀየር ብቻ ከሆነ ለምን እንዲህ ይላል አለ። ዲያቆኑ መሥዋዕቱማ አንዴ በመስቀል ተፈጽሟል፣ በግና ፍየል ቀርቷል ብሎ ተቀበለው፣ ግን ጌታ ልፈጽም እንጂ ልሽር አልመጣሁም ብሏልና መፍረስ ሌላ መፈጸም ሌላ ነው አለ። በበጉ ተስማሙ፣ በታቦቱ አልተስማሙም። ለሱ ጽላት ከነኦሪቱ ያለፈ ነገር ነው፣ ለዲያቆኑ ድሮ ሕጉ የተጻፈበት ዛሬ ሥጋ ወደሙ የሚከብርበት ነው።

ከዛ የእህቴ ባል "ዛሬኮ ቅዳሜ ነው፣ ሰንበት የምትሉት፣ አንተ ደሞ ሥራ ላይ ነህ" አለውና ሁላችንም ሳቅን። ዲያቆኑ አፄ ገላውዴዎስን አነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1555 ኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) አይሁዳዊ ናችሁ ሲሏቸው የጻፉትን፦ ቅዳሜን ውሃ እንደማይቀዱት እሳት እንደማያነዱት አይሁድ አናከብርም፣ ቁርባን እናቀርብበታለን እንጂ፣ ግዝረትም ያገር ልማድ ነው እንደ ፊት ንቅሳት። ይሄን ንጉሥ ጽፎታል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ትምህርት ቤት ገላውዴዎስን የተማርነው በግራኝ ጦርነት ብቻ ነው።

መጨረሻ በላዔ ሰብእ ሥዕል ጋ ደረስን፣ ሰባ ስምንት ሰው በልቶ በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ የዳነው። የእህቴ ባል በጣም የከበደውን ጥያቄ እዚህ ጠየቀ፦ አዲሱ ኪዳን በክርስቶስ ደም ከሆነ ኪዳነ ምሕረት የምትሉት፣ ለእመቤታችን ተሰጠ የሚባለው፣ ታዲያ ስንተኛ ኪዳን ነው? ዲያቆኑ ለኖኅም ለአብርሃምም ለዳዊትም ኪዳን ተሰጥቷል፣ አንዱ ሌላውን አይሽርም ብሎ ጀመረ፣ ይሄኛው መልስ ግን እኔን ኦርቶዶክሱንም አላጠገበኝም። ሊቀጥል ሲል የጀልባው ልጅ ስልክ ደወለ፣ ንፋስ እየተነሳ ነው ውረዱ። አንድ ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው የቆየነው። ያ ሁሉ ጠዋት ወደብ ላይ ሰው ስንጠብቅ የባከነው ሰዓት እዚህ ነበር የሚያስፈልገን፣ ሁለት ኮከብ የሰጠሁትም ከላይፍ ጃኬቱ ይልቅ በዚህ ነው።

ለመሄድ ያሰባችሁ መሬት ሳትለቁ "ሁለት ሰዓት ተኩል እንቆያለን፣ መጠበቂያው ከዋጋው ጋር ነው" በሉ፣ ጃኬቱን ራሳችሁ ቁጠሩ። ዘጌ ስትወርዱ ሸምበቆ የያዘውን ዲያቆን ጠይቁ። የእህቴ ባል ቁጥሩን ተቀብሎታል፣ ትናንት ማታ ገላትያ 3ን ልኮለት እስከ ስድስት ሰዓት ሲጻጻፉ ነበር አለችኝ እህቴ፣ እንቅልፍ ነስተዋታል።