ኦርጋኒክ ማፕስ፦ ለአጭር የተራራ ጉዞ መጀመሪያ የምጭነው አፕ

ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ተራራማ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በእግር ለመሄድ ያሰበ ሰው ስልኬ ላይ ምን ልጫን ካለኝ መልሴ ኦርጋኒክ ማፕስ ነው። ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት ክፈት ብሎ አይጨቀጭቅም፣ የት እንደዋላችሁ አይከታተልም። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የወደድኩት ከቤት ሳልወጣ ዳገቱን ስለሚያሳየኝ ነው።

አፑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን የካርታ መረጃውን የሚወስደው ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት ካርታ ነው። ለእግረኛ ትልቅ ጥቅም አለው። ለመኪና ተብለው የተሠሩ ካርታዎች ብዙ ጊዜ ፓርኩን አረንጓዴ ቀብተው ያልፉታል፤ እዚህ ላይ ግን በጎ ፈቃደኞቹ በደንብ የሠሩበት አካባቢ ከሆነ ቀጭኗ የእግር መንገድ፣ ምንጩ፣ የድንኳን ቦታው፣ የተራራው ጫፍ ሳይቀር ከነከፍታው ይታያል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ዋይፋይ ባለበት ቦታ ሆናችሁ የአካባቢውን ካርታ ታወርዳላችሁ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ፍለጋውም መንገድ ማውጣቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ ከሌለ የቆምንበትን እንዴት ያውቃል የሚሉ አሉ። ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግም፤ ስልኩ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ይቀበልና ቦታውን ራሱ ያሰላል። ጠባብ ገደል ውስጥ ስትገቡ ግን ምልክቱ ከአለቱ እየነጠረ ስለሚመጣ የቆማችሁበትን የምታሳየው ቀስት ወዲያ ወዲህ ልትል ትችላለች። ትንሽ ወጣ ብሎ ሰማይ የሚታይበት ቦታ መቆም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የኮንቱር መስመሮቹን አብሩ። እያንዳንዱ መስመር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል። መስመሮቹ ከተራራቁ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ ከተጠጋጉ ዳገት ነው፣ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ጥቁር ነገር ከመሰሉ ደግሞ ገደል ነው። መንገዱን በጣታችሁ እየተከተላችሁ እዩት። ከመስመሮቹ ጎን ለጎን ከሄደ የተራራውን ወገብ ይዞ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆረጣቸው ግን ፊት ለፊት ነው የምትወጡት፣ ጉልበታችሁን አዘጋጁ።

ከዚያ መነሻና መድረሻ ስጡትና የእግር ጉዞን ምረጡ። ከታች የመንገዱ ከፍታና ዝቅታ በሥዕል ይወጣል፤ በጠቅላላው ስንት ሜትር እንደምትወጡና እንደምትወርዱም በቁጥር ይነግራችኋል። ለእኔ አፑ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ ስንት ሜትር ይወጣል ብሎ አይጠይቅም። ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። 12 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም። 1,000 ሜትር ዳገት ከጨመራችሁበት ግን አራት ሰዓት ይደርሳል፣ ያውም ለጠንካራ ሰው፣ ያለ እረፍት። እኔ በዚያ ላይ ቢያንስ ግማሹን እጨምርና ፀሐይ ከምትጠልቅበት ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥሬ መነሻዬን እወስናለሁ።

የማደሪያውን ከፍታም ሳታዩ አትነሱ። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊያገኝ ይችላል፣ አጭር ጉዞ ደግሞ ሰውነት እስኪለምድ ጊዜ አይሰጥም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ይመከራል። ብርዱም እንደዚያው ነው፤ 1,000 ሜትር ከፍ ስትሉ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። እታች በቲሸርት የተነሳ ሰው እላይ ጃኬት ይፈልጋል።

ሌላው የምወደው ምልክት ማስቀመጡ ነው። ውሃ ያለበትን በአንድ ቀለም፣ ቢመሽ ወይም ዝናብ ቢመጣ አቋርጠን የምንወጣበትን በሌላ ቀለም አደርግና የምልክቶቹን ፋይል አብረውኝ ለሚሄዱት እልካለሁ። የሁሉም ሰው ስልክ ላይ መኖር አለበት፣ ካርታው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ ከሆነ አደጋ ነው።

የጎደለውስ? የሳተላይት ምስል የለውም፣ ስለዚህ ጫካ ይሁን ድንጋያማ በዓይናችሁ አታዩም። ትናንት ጎርፍ ድልድይ ቢወስድ አያውቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ካርታው ላይ መስመር አለ ማለት መሄድ ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ መግቢያ ክፍያውን፣ አስጎብኚ ግዴታ መሆኑን፣ የትኛው መንገድ በየትኛው ወቅት እንደሚዘጋ ፓርኩን ራሱን ጠይቁ። ባትሪም አለ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ ስለዚህ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ከውስጥ ኪስ ያዙት፤ ጂፒኤሱ በአብዛኛው ስልክ ላይ እንደዚያም ሆኖ ይሠራል። ፓወር ባንክና የወረቀት ካርታ ቦርሳ ውስጥ ይግቡ።

ስትመለሱ ደግሞ ካርታው ላይ ያልነበረ ምንጭ ወይም መጠለያ አግኝታችሁ ከሆነ እዚያው አፑ ላይ መጨመር ይቻላል። ለዚህ ብቻ የኦፕንስትሪትማፕ አካውንት ያስፈልጋል፣ እሱም ነፃ ነው። እባካችሁ ጨምሩት፣ ቀጥሎ የሚሄደው ሰው ውሃ ይፈልጋል።