ደሴ ላይ ኮምፒውተር ከማስጠገናችሁ በፊት

ለ2018 ገና ደሴ ነበርኩ። ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሽቅብ ወጥተን የጦሳን ተራራ ሳየው እንባዬ መጣ። ፍራንክፈርትም ብርድ ሞልቷል፤ የናፈቀኝ ግን የደሴ ብርድ ነበር።

ይህን የምጽፈው በእህቴ ኮምፒውተር ምክንያት ነው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሠርግ ካርድ ትሠራለች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ አትማ ትጠርዛለች። ኑሮዋ ሁሉ በአንዲት ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴስክቶፗ ደግሞ ደክማለች። አንድ ቀን ጠዋት ሰዓት ያዝኩ። ተበርታ ወርድ እስኪከፈት 11 ደቂቃ ፈጀ። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቅና «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። በዚያው ይቀራል።

«አይዞሽ፣ እኔ አሠራልሻለሁ» አልኳትና አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ሰፊ ቤት ነው፣ መስታወቱ ያብረቀርቃል። ሰውየው አብርቶ እንኳ ሳያየው «ቫይረስ ነው፤ ራምም ያንሰዋል፤ ነገ ጠዋት ውሰዱ» አለን። ራም የሚሉት ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለጊዜው የሚጠቀምበትን ማስታወሻ ነው። ዋጋውን ስጠይቀው «አታስብ፣ እንስማማለን» አለኝ። ፍራንክፈርት ቢሆን ዕቃውን ሳይነኩ ዋጋውን በወረቀት እንዲሰጡኝ እጠይቅ ነበር። አገሬ ገብቼ ሰው መጠራጠር አልፈለግኩም። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። መብራት ጠፍቶ ነበር አሉን፤ እውነትም ጠፍቶ ነበር። በአራተኛው ቀን የሚሠራው ልጅ ታሟል ተባለ። በስድስተኛው ቀን ራሙ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው። በሰባተኛው ቀን ስልክ አያነሱም። እኔ የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነው። የአክስቴን ቡና ትቼ በባጃጅ ስመላለስ ገና አለፈ። እህቴ ቤቷን ከፍታ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ጽሑፋቸውን ማስገቢያው የደረሰባቸው ተማሪዎች ሌላ ቤት ሄዱ። ማን ይፈርድባቸዋል?

በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። 9,500 ብር። የራም፣ የፎርማት፣ የኦርጅናል አንቲቫይረስ ነው አሉ። ደረሰኝ የለም። የጠየቀኝ ዲያስፖራ መሆኔን አይቶ እንደሆነ ይሰማኛል። ከፈልኩ። ቤት ወስደን ስናበራው ባዶ ነው። የእህቴ የደንበኞች ፋይል የለም። ስካን ያደረገቻቸው የእናታችን ፎቶዎችም የሉም። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ ለቀብሯ አልደረስኩም። ደውዬ ስጠይቅ «ፎርማት ሲደረግ እኮ ይጠፋል፣ የታወቀ ነው» አለኝ። ፋይል ይቀመጥላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እህቴ ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወርድ ለመከፈት 8 ደቂቃ ይወስዳል።

ጎረቤታችን ናት ወደ ሰኞ ገበያ በኩል አንድ ልጅ አለ ያለችን። ሱቁ አንድ ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ክፍል ናት። የተማረው ኮምቦልቻ ነው። «አብሽሩ ጋሼ፣ እያዩኝ ነው የምከፍተው» አለኝ። መጀመሪያ አብርቶ ታስክ ማናጀርን፣ የትኛው ክፍል ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ፣ አሳየን። ፕሮሰሰሩ ሥራ የለውም፣ ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ ግን ያለ ዕረፍት 100 ከመቶ እየሠራ ነው። «ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ እግሩ ነው የያዘው» አለ።

ከዚያ የኮምፒውተሩን ሳጥን በብሎን መፍቻ ከፈተው። አቧራው የማራገቢያውን ክንፍ እንደ ጥጥ ሸፍኖታል። ወደ ራሙ ጠቆመኝ። ያው የድሮው 4 ጊጋ፣ አንድ ብቻ። አጠገቡ ያለው ሁለተኛው የራም ቦታ አቧራው እንኳ አልተነካም። ጣቴን አስገብቼ ነካሁት። የከፈልኩበት ራም እዚያ መሆን ነበረበት።

ልጁ ያስረዳን እንዲህ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ሲል ሊጎዳ ይችላል፤ የተጎዳውን ቦታ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ለማንበብ ሲሞክር ሁሉም ነገር ይቆማል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። የድሮው ደህና ሆኖ እንኳ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያነበው፤ ይኸኛው 500 ገደማ። ሌላም አገኘ። ዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርዱ) ላይ ያለችው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ለዚህ ነው በበራ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለሰው፣ ድረ ገጾችም አልከፍት የሚሏት። እህቴ ኔትወርክ እየመሰላት ስትማረር ነበር።

ዋጋውን ሳይጀምር ጻፈልኝ። ኤስኤስዲ፣ ያገለገለ 4 ጊጋ ራም፣ ባትሪ፣ ጽዳትና የእጅ ሥራ፣ ሁሉም 6,200 ብር። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ነገረን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። የእህቴ ፕሮሰሰር ኢንቴል አራተኛ ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው። «ወደ 11 ላሳድግላችሁ ለሚል ሰው ብር እንዳትከፍሉ፤ ቀስ ብላችሁ ለሌላ ኮምፒውተር አጠራቅሙ» አለን። ሊሸጥልን ይችል ነበር። አልሸጠልንም። ፍራንክፈርት ቢሆን ጣሉት፣ አዲስ ግዙ ነበር የምባለው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ኮምፒውተራችሁ ስለዘገየ ብቻ ፎርማት አታስደርጉ። ዲስኩን አሳዩኝ በሉ። ከመከፈቱ በፊት ዋጋውን አጽፉ። ፋይላችሁን በፍላሽ ሳትገለብጡ ከእጃችሁ አይውጣ። የጠፋ ፋይል ካለም ዲስኩን ወዲያው አንሱት፤ ሌላ ነገር በላዩ የተጻፈበት ፋይል አይገኝም።

ልጁ የድሮውን ዲስክ ነጥሎ ሲፈልግበት አደረ። ጠዋት ከ1,000 በላይ ፎቶ ሰጠን፤ ስማቸው ጠፍቶ ሁሉም ቁጥር ብቻ ሆነዋል። «ለእናት ፎቶ አልቀበልም» ብሎ ለዚህ ሥራው ሳያስከፍለን ቀረ።

ከሰዓት እህቴ ቡና አፈላች፤ እኔ አንድ በአንድ እከፍታለሁ። የሰው መታወቂያ፣ የሰው ሠርግ፣ የተማሪ ጉርድ ፎቶ። አቦልም ቶናም አለፈ። በረካው ሲቀዳ እናቴን አገኘኋት። ሐይቅ ዳር፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፀሐይ ዓይኗን ይዟት በእጇ ተከልላለች። እህቴ ስኒውን አስቀምጣ መጣች።