ሚያታዬ ላይ ሊትየም ባትሪ ካስገባሁ 11 ወር ሆነኝ፤ ያየሁት ይኸው

ባትሪውን ወድጄዋለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገር። የወደድኩት ግን ሻጩ በነገረኝ ምክንያት፣ ማለትም በቅለቱ፣ አይደለም። ብርድ ሲገባ ደግሞ ክፉኛ አስቸግሮኛል። ሊትየም ልግዛ አልግዛ እያላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

መኪናዋ የ2003 ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት ወንበር፣ የጨርቅ ጣሪያ፣ 1.8 ሊትር ሞተር፣ 142 የፈረስ ጉልበት፣ ማኑዋል ማርሽ። ክብደቷ 1,080 ኪሎ ገደማ ነው። ማዝዳ ይህቺን መኪና በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ካሳየ ጀምሮ ዋናው ነገሯ ቅለቷ ነው። ጃፓኖቹ «ጂንባ ኢታይ» ይሉታል፤ ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለሥራ ሌላ መኪና አለኝ። ሚያታዋን የማወጣት ቅዳሜና እሁድ ወደ ተራራው መንገድ፣ ወደ ስካይላይን ድራይቭ፣ ለመሄድ ነው፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት መሮጫው ላይ እነዳታለሁ። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። መኪናዋ በሳምንት አምስት ቀን ቆማ ነው የምትውለው፤ በኋላ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ባለፈው ኤፕሪል የድሮው ባትሪ ደከመ። ያው የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ነው፤ አሲዱ የማይፈስ ዓይነት። አዲስ የእርሳስ ባትሪ 180 ዶላር ነበር። ሊትየሙ 380፣ ለሱ የሚሆነው ቻርጀር ደግሞ 70። ከእጥፍ በላይ ነው። ለምን ከፈልክ ብትሉኝ፣ ለዓመታት በልቤ የነበረ ነገር ስለሆነ ነው። ፖርሽ በ2010 ለ911 ጂቲ3 እና ለቦክስተር ስፓይደር ሊትየም ባትሪ በ1,904 ዩሮ መሸጥ ሲጀምር አንብቤ ነበር። ከ6 ኪሎ በታች፣ ከተለመደው ከ10 ኪሎ በላይ የሚቀል። ያኔ ለኔ የማይታሰብ ዋጋ ነበር። ልብ ብዬ ያላነበብኩት አንድ ነገር ግን ነበረው፤ እሱን በኋላ አመጣዋለሁ።

ወደ ሚዛኑ። ሁለቱንም ባትሪዎች የመዘንኩት አዲስ አበባ ስንሄድ ሻንጣ 23 ኪሎ እንዳያልፍ በምንመዝንበት በእጅ ሚዛን ነው። የድሮው 13.2 ኪሎ፣ አዲሱ ከማሰሪያው ጋር 3.4 ኪሎ። 10 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሳነሳው በእውነት ባዶ ሳጥን መሰለኝ።

መኪናዋ ፈጠነች ወይ? አልፈጠነችም። 10 ኪሎ ከመኪናዋ ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሌላ ሒሳብ ልስጣችሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ700 እስከ 750 ግራም ይመዝናል። የሚያታዋ ታንክ 48 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ታንኩን 13 ወይም 14 ሊትር አጉድላችሁ ብትነዱ ያንኑ ቅለት በነፃ ታገኛላችሁ። በዚያ ላይ በዚህ ሞዴል ባትሪው የተቀመጠው ከሞተሩ አጠገብ ሳይሆን ከኋላ በዕቃ መጫኛው በቀኝ በኩል ነው። ማዝዳ እዚያ ያደረገው የፊትና የኋላው ክብደት እንዲመጣጠን ነው፤ እዚህ አሜሪካ ሹፌሩ በግራ ስለሚቀመጥ ደግሞ ቀኝ ጥጉ ላይ መሆኑ ይጠቅማል። እኔ ታዲያ ያነሳሁት ኪሎ መኪናዋ ከምትፈልገው ቦታ ላይ ነው። ሰሚት ፖይንት ላይ በሰዓቴ ያየሁት ለውጥ የለም። ባትሪው ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ያለበት መኪና ካላችሁ፣ በተለይ አፍንጫው የሚከብድ ከሆነ፣ ከኔ የተሻለ ታተርፋላችሁ።

እና ምኑን ወደድከው? አነሳሱን። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሪኖው የሚሽከረከርበት ፍጥነት ሌላ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሞተሪኖው ሲስበው ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ይኼኛው ብዙም አይወርድም። ሞቃት ቀን ላይ ቁልፉን ነካ ከማድረጌ ትነሳለች። ከመሮጫው ወጥቼ ሞተሩ እንደጋለ አጥፍቼ ሳስነሳት እንኳ አታንገራግርም። ከሜይ እስከ ኦክቶበር አንድ ቀን አላሳፈረኝም። ሦስት ሳምንት ሳልነካት ከርማ የተነሳችበትም ጊዜ አለ። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ቀጥሎ ያለው ሻጮች አፍ ሞልተው የማይናገሩት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባትሪው ላይ በትልቁ «36 አምፔር ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፤ ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ማለት ነው። ከሥሩ በደቃቁ «የእርሳስ አቻ» ይላል። እውነተኛው አቅም 12 አምፔር ሰዓት ነው። አቻ የሚሉት፣ የእርሳስ ባትሪን ከግማሽ በታች ደጋግመህ ብታወርደው ስለሚጎዳ፣ ሊትየሙን ግን አብዛኛውን መጠቀም ስለሚቻልና ሞተር የማስነሳት ጉልበቱም ትልቅ ስለሆነ ነው። ሞተር ለማስነሳት ብቻ ከሆነ ክርክር የለኝም። የቆመ መኪና ግን ባትሪውን የሚበላው በአቻ አይደለም፣ በእውነተኛው ነው። ሰዓቱ፣ የራዲዮው ሜሞሪ፣ የሌባ ማንቂያው፣ ሁሉም ሌት ተቀን ይጠባሉ። በመለኪያዬ ስለካው 25 ሚሊ አምፔር ሆነ። በቀን 0.6 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። 12ን ለ0.6 አካፍሉት። 20 ቀን! ሙሉ ባትሪ በ20 ቀን ባዶ ይሆናል። ከላይ ያልኳችሁ ሦስት ሳምንት ያለፈልኝ ማንቂያውን አጥፍቼው ስለነበር ብቻ ነው።

ይህን ሒሳብ የሠራሁት ግን ከተቃጠልኩ በኋላ ነው።

ዲሴምበር 20 ቀን ገናንና ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ላሳልፍ አዲስ አበባ ሄድኩ። 35 ቀን ቆየሁ። ስመለስ ውጪው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ነው። ሚያታዋ ፀጥ ብላለች። መብራት የለ፣ ጠቅ የምትል ድምፅ የለ። መለኪያውን ባትሪው ላይ ባደርገው ዜሮ አነበበ። 10 አይደለም፣ 8 አይደለም፣ ዜሮ! ልቤ ቀጥ አለ፤ 380 ዶላሬ የሄደ መሰለኝ። ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪው ውስጥ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አለ። ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ሴሎቹ እንዳይሞቱ ራሱ ይቆርጠዋል። አልሞተም፣ ተኝቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ልሠራ ነበር። አንደኛው፣ ጎረቤቴ ኬብል ይዞ መጣ፤ እናስነሳው አለኝ። እንኳን እንቢ አልኩ። ይህ ዓይነት ሊትየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ አይደረግም። ሊትየሙ ሴሉ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ያቅተውና እንደ ብረት ላዩ ላይ ይለጠፋል፤ የዚያ ጉዳት አይመለስም። ሁለተኛው፣ ጋራዥ ያለው የድሮ ቻርጀሬ «መጠገኛ» የሚል ቁልፍ አለው። ለእርሳስ ባትሪ ጥሩ ነው፣ ከ15 ቮልት በላይ እየረገጠ የደረቀውን ሰልፌት ያነሳል። ሊትየሙን ግን ይጎዳዋል። ይህ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ከ14.6 ቮልት ማለፍ የለበትም። እንዲህ ያለ ቁልፍ ያለው ቻርጀር ካላችሁ አጠገቡ አታድርሱት።

ባትሪውን ፈትቼ በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ሦስተኛ ፎቅ ይዤው ወጣሁ። በ11 ወር ውስጥ ቅለቱ ከልብ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው። ቤት ውስጥ አደረ፣ ሞቀ። ጠዋት የራሱ ቻርጀር ቀሰቀሰውና በአምስት ሰዓት ውስጥ ሞላ። ከዚያ ወዲህ የደከመ ምልክት አላየሁበትም። እንዲህ ያለው ቢደጋገም ግን ዕድሜውን እንደሚያሳጥረው አውቃለሁ።

ባትሪው ሙሉ ሆኖም ብርድ ላይ ይለግማል። አንድ ፌብሩዋሪ ጠዋት ሙሉ ባትሪ ይዤ ሞተሪኖው አንድ ዙር ዞሮ ቆመ። መፍትሔው የለመድነውን ሁሉ የሚገለብጥ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ቮልስ ሲነዳ፣ በቅዝቃዜ ጠዋት «መብራት አጥፋ፣ ራዲዮ አጥፋ፣ ከዚያ ሞክር» ይለኝ ነበር። ለእርሳስ ባትሪ ትክክል ነው። ለሊትየም ግን የፊት መብራቱን አብሩና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ጉልበት ሲወጣለት ከውስጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበረታል። ሞክሬው ተነሳች። መጀመሪያ ላይ እጄ እምቢ አለኝ፣ የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ገፍቶ ስለማስነሳትም ላንሳ፣ ማኑዋል ስለሆነች የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ባትሪው ትንሽ ደክሞ ከሆነ ይቻላል። መቆጣጠሪያው ራሱን ቆርጦ ዜሮ ካሳየ ግን አትግፏት። ዲናሞው ያለ ባትሪ ሲሠራ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል፤ የሚጎዳው ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው።

በመለኪያም አትታለሉ። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ 12.6 ወይም 12.7፣ ሲጋመስ 12.2 አካባቢ ያሳያል፤ ልዩነቱ ይታያል። ሊትየሙ ሲሞላ 13.3፣ ሲጋመስም ከ13 በላይ ነው። እኔ 13.1 አይቼ «ደህና ነው» ብዬ ነው ለጉዞ የወጣሁት።

አሁን ኔጋቲቩ ላይ በእጅ የሚዞር መቁረጫ አስገብቻለሁ፣ 12 ዶላር። መኪናዋን ከአንድ ሳምንት በላይ ካላወጣኋት አላላዋለሁ። ሰዓቱና የራዲዮው ጣቢያዎች ይጠፋሉ፣ ሞተሩም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን እችለዋለሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ባትሪ በተቆረጠ ቁጥር የመኪናው ኮምፒውተር የጭስ መቆጣጠሪያ ፍተሻዎቹን ከዜሮ ይጀምራል፤ በዚያው ለኢሚሽን (ለጭስ ምርመራ) ብትሄዱ «ዝግጁ አይደለም» ብለው ይመልሷችኋል። ከምርመራው በፊት ጥቂት ቀን ደህና አድርጋችሁ ንዱት።

ስለ እሳት ለሚፈሩ። ይኼ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው፤ በ1990ዎቹ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጆን ጉድኢናፍ ቡድን ያገኘው። ስልክ ውስጥ ካለው ዓይነት ይልቅ ሙቀትን ይችላል። ያም ሆኖ በደንብ እሰሩት። ከድሮው ስለሚያንስ ቦታው ይሰፋዋል፤ እኔ ዙሪያውን ጠንካራ ስፖንጅ ሞልቼ በብረት አሰርኩት።

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ለቪትዛችን ይሆናል ወይ ይሉኛል። እዚያ ብርዱ ችግር አይሆንም። ግን ለምን? የምታተርፉት ቅለት በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ምንም አይሠራላችሁም። በዚያ ገንዘብ ጎማ ግዙ።

ያ ልብ ብዬ ሳላነበው ያለፍኩት ነገር ይኸው፦ ፖርሽ ያን ውድ ሊትየም ሲሸጥ መደበኛውንም የእርሳስ ባትሪ አብሮ ይሰጥ ነበር። ብርድ ሲመጣ እንዲቀይሩት። ማሰሪያውም፣ ገመዱም ለሁለቱም እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። እነሱ ገና ሲጀምሩ ያውቁት ነበር።

እኔም ባለፈው ሳምንት 180 ዶላሩን ከፍዬ የእርሳሱን ገዛሁ። ኖቬምበር አጋማሽ ላይ እሱ ይገባል፣ ሊትየሙ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ይከርማል፣ ማርች መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ለመቀየር የ10 ቁልፍና 15 ደቂቃ ይበቃል።