ሪል አናሊሲስ ወይስ የማስተርስ ማይክሮ?

ኢኮኖሚክስ በመጀመሪያ ዲግሪ እየተማረ ጠለቅ ብሎ መግባት የሚፈልግ ተማሪ ሁለት ምርጫ አለው፤ ከሂሳብ ትምህርት ክፍል ሪል አናሊሲስ (የካልኩለስን መሠረት በጥብቅ ማረጋገጫ የሚያስተምር ኮርስ) መውሰድ፣ ወይም የማስተርስ ተማሪዎች የሚወስዱትን ማይክሮ ኢኮኖሚክስ (የሸማቾችና የድርጅቶች ውሳኔ ጥናት) ቀድሞ መጀመር።

ልዩነቱን አንድ ጥያቄ ያሳያል። ሸማቹ 100 ብር አለው፤ የአንዱ ዕቃ ዋጋ 2 ብር፣ የሌላው 5 ብር ነው፤ እርካታው የሁለቱ መጠን ብዜት ነው። በተለመደው ኮርስ በላግራንዥ ዘዴ (ገደብ እያለ ከፍተኛውን ነጥብ መፈለጊያ ስሌት) ሠርተን ከመጀመሪያው ዕቃ 25፣ ከሁለተኛው 10 ብለን እናልፋለን። የማስተርሱ ማይክሮ ግን «ለመሆኑ ከፍተኛ እርካታ የሚባል ነጥብ መኖሩን በምን አወቅህ?» ይላል። የአንዱ ዋጋ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ነጥቡ አይኖርም፤ ሸማቹ ያለ ገደብ መጨመር ይችላልና። ማረጋገጫውን የሚያስተምረው ሪል አናሊሲስ ነው፦ በጀቱ የሚፈቅደው ስብስብ ዝግ (ጠርዙን የሚያካትት) እና የተገደበ (ያለ ወሰን የማይሰፋ)፣ የእርካታው ፈንክሽንም ያልተቆራረጠ ከሆነ፣ ከፍተኛው ነጥብ የግድ ይኖራል። ኢኮኖሚስቶቹ አሮውና ደብሩ በ1954 እ.ኤ.አ. የአጠቃላይ ገበያ ሚዛን (በሁሉም ገበያዎች አቅርቦትና ፍላጎት በአንድ ጊዜ የሚጣጣሙበት ሁኔታ) መኖርን ያረጋገጡትም በዚሁ ዘርፍ መሣሪያዎች ነው።

የማስተርሱ ማይክሮም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ጌም ቲዎሪን (የአንዱ ውጤት በሌላው ውሳኔም ላይ ሲመሠረት የሚደረግ ምርጫ ጥናት) በጥልቀት ያሳያል፤ ጥሩ ውጤት ከመጣበት ለፒኤችዲ ማመልከቻም ያግዛል። ነገር ግን ማረጋገጫ መጻፍ ሳይለምዱ ከገቡበት ትምህርቱ ሽምደዳ ይሆናል። ስለዚህ እኔ አናሊሲሱን አስቀድማለሁ። ሐሳቡ ከምረቃ በኋላ በቀጥታ ባንክ ወይም ፕላን መሥሪያ ቤት መግባት የሆነ ተማሪ ግን ሁለቱንም ትቶ ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መተንተን) ላይ ቢበረታ ይሻለዋል።