«ኮምፒውተራችሁ በቫይረስ ተወሯል» ብሎ ጥበቃ ለሚሸጥላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ

በብራውዘራችሁ (ድረ ገጾችን በምታዩበት ፕሮግራም) ላይ ድንገት አንድ ገጽ ተከፍቶ «ኮምፒውተራችሁ በቫይረስ ተወሯል፤ የኢሜይላችሁ ይለፍ ቃል ተሰርቋል፤ ኮምፒውተሩን ሳታጠፉ አሁኑኑ በዚህ ስልክ ደውሉ» ካላችሁ አትደውሉ። ስልኩን የሚያነሳው ሰው የሚሸጥላችሁ የዓመት ወይም «የዕድሜ ልክ» ጥበቃ ምንም የሌለው ባዶ ነገር ነው። ይህን የምጽፈው የማከብራቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በዚሁ መንገድ ገንዘብ ከፍለው፣ ኮምፒውተራቸውንም ለማያውቁት ሰው ለሰዓታት ከፍተው ስለሰጡ ነው። እሳቸው ቸልተኛ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ለጥቃቱ ያጋለጣቸው ጠንቃቃነታቸው ነው፤ አደጋ አለ ሲባሉ ዝም ብለው ማለፍ አልሆነላቸውም። አጭበርባሪው የሚተማመነው በዚህ ነው፤ እኔንም ያናደደኝ ይኸው ነው።

ነገሩ የጀመረው ስለ ፕሪንተራቸው መረጃ ሲፈልጉ ነው። ከፍለጋው ውጤት አናት ላይ የነበረውን መስመር ተጫኑ። መስመሩ ማስታወቂያ ነበር። ከላይ የሚቀመጡት ውጤቶች ብዙ ጊዜ የተከፈለባቸው ናቸው፤ ማስታወቂያ መሆናቸውን የሚናገረው ጽሑፍ ግን ደቃቅ ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል። ወዲያው ስክሪኑ በቀይ ማስጠንቀቂያ ተሸፈነ፤ የሳይረን ድምፅ ጮኸ፤ የመዝጊያው ምልክት ጠፋ። መምህሩ ኮምፒውተሩ የተቆለፈ መሰላቸው። አንድ ድረ ገጽ ስክሪኑን በሙሉ ይዞ ምልክቱን ስለሸፈነ እንጂ የተቆለፈ ነገር አልነበረም። እንዲህ ሲገጥማችሁ ኤስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ጥቂት ያዙት። እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ብራውዘሩን ዝጉት፤ በማክ ላይ ኮማንድ፣ ኦፕሽንና ኤስኬፕ ናቸው። ብራውዘሩ እንደገና ሲከፈት የቀድሞዎቹን ገጾች ልመልስ ብሎ ቢጠይቃችሁ አትፍቀዱለት።

አንድ ድረ ገጽ በራሱ የኮምፒውተራችሁን ፋይሎች አገላብጦ ቫይረስ መፈለግ አይችልም። ብራውዘሮች የተሠሩት ድረ ገጾችን ከቀሪው ኮምፒውተር እንዲለዩ ተደርገው ነው። «በመመርመር ላይ» እያለ የሚሮጠው መስመር ገጹን ለከፈተ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚታይ ሥዕል ነው። ማይክሮሶፍትም የስህተት መልዕክቶቹ የስልክ ቁጥር እንደማይዙ በግልጽ አስታውቋል። ስለዚህ ቁጥሩን ስታዩ ሌላውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

መምህሩ ግን ደወሉ። ያነሳው ሰው ትሑት ነበር፤ «አባቴ» እያለ ነው ያናገራቸው። ኮምፒውተርን ከርቀት ለመቆጣጠር የሚያገለግል ፕሮግራም አስጫናቸው። እንደ ኤኒዴስክና ቲምቪወር ያሉት እነዚህ ፕሮግራሞች በራሳቸው ሕጋዊ ናቸው፤ የድርጅት ባለሙያዎች በየቀኑ ይሠሩባቸዋል። አደጋው ቁልፉን ለማን እንደሰጣችሁ ነው። ከዚያ ሰውየው ኢቨንት ቪወር የተባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ከፍቶ በቀይ ክብና በቢጫ ሦስት ማዕዘን የተሞላ ረጅም ዝርዝር አሳያቸው። «እያንዳንዱ ቀይ ምልክት አንድ ጥቃት ነው» አላቸው።

ይህን መዝገብ ዛሬውኑ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና እዩት። በስታርት ማውጫው ውስጥ ስሙን ፈልጉ፤ ዊንዶውስ ሎግስ ከሚለው ሥር ሲስተም የሚለውን ተጫኑ። ቀዩም ቢጫውም እናንተም ዘንድ አለ። ኢንተርኔት ለአፍታ ሲቋረጥ፣ አንድ አገልግሎት ለመነሣት ሲዘገይ፣ ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ኃይል ሲጠፋ ሁሉም እዚያ ይመዘገባል። ደህና በሚሠራ ኮምፒውተር ላይም የሚታይ የተለመደ መዝገብ ነው። ይህን አስቀድሞ ያየ ሰው ሌላ ጊዜ አይደነግጥም፤ ለዚህ ነው እንድትከፍቱት የምለምናችሁ።

የተሸጠላቸውን «ጥቅል» ደረሰኙ ላይ አነበብኩት፦ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ አጥር)፣ የኢሜይል ጋሻ፣ የብራውዘር ጽዳት፣ ፀረ ቫይረስ። ፋየርዎሉ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥ ተከፍቶ የሚመጣ ነው። ዲፌንደር የተባለው ፀረ ቫይረስ ከዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብሮ አለ። አይፈለጌ መልዕክት ማጣራቱን የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው መልዕክቱ እናንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይሠራዋል። የብራውዘር ጽዳት የተባለው ደግሞ የአሰሳ ታሪክን ማጥፋት ነው፤ ቅንብሮች ውስጥ ገብታችሁ በደቂቃ ትጨርሱታላችሁ። መምህሩ የራሳቸውን ንብረት መልሰው ገዙ ማለት ነው። በእርግጥ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ሌላ ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን፣ የደህንነት ማሻሻያን የሚጨምር መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፣ እሱን የምትጠቀሙ ወደ 11 ስለመሸጋገር አስቡ። አጭበርባሪዎቹ ግን ይህን አያነሱትም።

ይህ የስውር ሌቦች ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኦፊስ ዲፖ የተባለውን ትልቅ የመደብር ድርጅትና ሰፖርት ዶት ኮም የተባለውን የቴክኒክ ድጋፍ ድርጅት ከሶ፣ የመጀመሪያው 25 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ኮምፒውተሩን በነጻ የሚያስመረምር ደንበኛ «ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ነው» ከሚሉትና ከመሳሰሉት የችግር ምልክቶች አንዱ አለብኝ ካለ፣ ምርመራው ምንም ቢያገኝ ባያገኝ ውጤቱ ችግር አለ የሚል ይሆን ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉ ድርጅቶች በተመሳሳይ የማስፈራራት ሽያጭ ተከሰው 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ስለዚህ «ነጻ ምርመራ» ሲባል የታወቀ ስም ስላለው ብቻ አትመኑ።

አንዴ የከፈለ ሰው ሁለተኛ ይታደናል። ያልከፈለውንም አይምሩትም። «የጥበቃ ውልዎ ታድሷል፤ ክፍያው ከሂሳብዎ ተቀንሷል፤ ካልፈለጉ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ኢሜይል ይመጣል። መልዕክቱ ብዙ ጊዜ አደገኛ ሊንክም ሆነ አደገኛ አባሪ ፋይል ስለሌለው ማጣሪያዎችን በቀላሉ ያልፋል። የላኪው ስም የምታውቁት ድርጅት መሆኑ ምንም ማስረጃ አይደለም፤ ኢሜይል የሚተላለፍበት ሥርዓት በ1982 እ.ኤ.አ. ሲደነገግ የላኪን ማንነት የሚያጣራ ነገር አልነበረውም፤ በኋላ የተጨመሩት ማረጋገጫዎችም ሁሉንም አያስቆሙም። በፖስታ ጀርባ ማንም የፈለገውን ስም እንደሚጽፍ ማለት ነው። ስሙን ትታችሁ አድራሻውን እዩ፤ ከአድራሻውም ከ@ ምልክቱ በኋላ ያለውን ጫፍ።

ተመላሽ ለመጠየቅ የደወለ ሰው እንደገና ኮምፒውተሩን እንዲከፍት ይደረጋል፤ የባንክ ገጹንም እንዲከፍት ይጠየቃል። አጭበርባሪው በዚያ ቅጽበት በብራውዘሩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ይለውጠዋል። ብራውዘሮች ለድረ ገጽ ሠሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ፣ ገጹ ላይ የተጻፈውን ለጊዜው ለመቀየር የሚያስችል መሣሪያ አላቸው። በባንኩ ያለው ገንዘብ ንቅንቅ አላለም፤ የተለወጠው እዚያ ስክሪን ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። «አሥር እጥፍ በስህተት ላክሁልዎት፤ ከሥራ ያባርሩኛል፤ ልዩነቱን በስጦታ ካርድ ይመልሱልኝ» እያለ ያለቅሳል፤ የስጦታ ካርድ ማለት ገንዘብ አስቀድሞ የተከፈለበት የመግዣ ካርድ ነው። ደግ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ገጹን እንደገና ብትጭኑት ትክክለኛው ቁጥር ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ ግን ስልኩን ዝጉት።

«ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» የሚሉ ገጾችንም አትስሟቸው። የምትፈቅዱት ማሳወቂያ እንዲልኩላችሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ የቫይረስ ማስፈራሪያ በየሰዓቱ በስክሪናችሁ ጥግ ብቅ ይላል። የፈቀዳችሁ ካላችሁ በብራውዘሩ ቅንብሮች የማሳወቂያ ክፍል ገብታችሁ የማታውቋቸውን ሁሉ ሰርዙ።

አሁን ከፍላችሁ ከሆነ አትፈሩ፤ ግን አትዘግዩ። ኢንተርኔቱን አቋርጡ፤ የጫኑላችሁን የርቀት መቆጣጠሪያ አጥፉ፤ ከዚያም ፀረ ቫይረሳችሁን ሙሉ ምርመራ አስደርጉት። ይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ቀይሩ፤ ከሁሉም አስቀድሞ የኢሜይላችሁን፤ የሌሎች አካውንቶች ይለፍ ቃል የሚታደሰው በእሱ በኩል ስለሆነ። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። የኢሜይል ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ መልዕክቶቻችሁን ወደማታውቁት አድራሻ የሚያስተላልፍ ትዕዛዝ ተጨምሮ እንደሆነ ፈትሹ፤ ይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላም ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ለባንካችሁ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውላችሁ ካርዱ እንዲታገድ፣ ክፍያውም እንዲጣራ ጠይቁ። በስጦታ ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ካርዱንና ደረሰኙን ይዛችሁ ካርዱን ያወጣውን ድርጅት በዚያው ዕለት አነጋግሩ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ «የተዘረፈ ገንዘብዎን እናስመልስልዎታለን፤ ለማስፈጸሚያ ትንሽ ክፍያ ብቻ ይላኩ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። እሱም ከእነዚያው ወገን ነው፤ ስማችሁን ያገኘው ከእነሱ ዝርዝር ነውና አትመልሱለት።