አዝማሪ ቤት፣ የባህል አዳራሽ ወይስ ጃዝ? ሃምሳን ለተጠጋ እንግዳ የአዲስ አበባ ምሽት

ለገና ወይም ለክረምት ከውጭ የሚመጡ ጠና ያሉ ዘመዶች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ጆሮ የማያደነቁር፣ ወገብ የማያሳምም፣ ኪስ የማያራቁት ሙዚቃ የት ይገኛል? መልሱን ከወዲሁ እንናገር፤ ጥሩ አዝማሪ ቤት፣ በሳምንቱ መካከል፣ በጊዜ። ጃዝ ሁለተኛ ነው። እራት ከጭፈራ ጋር የሚቀርብበት የባህል አዳራሽ የሚመረጠው ልጆች ወይም ሀበሻ ያልሆነ የትዳር ጓደኛ አብሮ ካለ ነው።

ስለ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን አትመኑ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከዚያ በፊት የተጻፈ ዋጋ ሁሉ ታሪክ ሆኗል። የሒሳቡን አሠራር ማወቅ ይሻላል። አዳራሾችና ሆቴሎች ሜኑ ላይ የሚጽፉት ዋጋ ብዙ ጊዜ ሰርቪስና ቫት የለበትም። 1,000 ብር የተባለው ምግብ በ10 በመቶ ሰርቪስ 1,100 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 1,265 ብር ይገባል። አራት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ የ1,000 ብር ብትበሉ ጭማሪው ብቻ 1,060 ብር ነው። አምስተኛ ሰው ጋብዛችኋል ማለት ነው፤ እሱ ግን አልበላም።

አዝማሪ ቤት አብዛኛውን ጊዜ መግቢያ አይጠየቅም። ገንዘቡ የሚወጣው በመጠጡና በሽልማቱ ነው። ቢራው ከግሮሰሪ ይወደዳል፤ ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት የአንዱን ጠርሙስ ዋጋ ጠይቁ። ባዶውን ጠርሙስ ከጠረጴዛው አታስነሱ፤ ሒሳብ ሲመጣ የሚቆጠረው እሱ ነው። ውስኪ ካዘዛችሁ ጠርሙሱ እንደታሸገ መጥቶ ፊታችሁ ይከፈት። በመለኪያ የሚመጣው ከየትኛው ጠርሙስ እንደተቀዳ አይታወቅም፣ ተመሳስሎ የተሠራ ውስኪም ገበያው ላይ አለ።

ሽልማት ላይ ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው በመነሻው ነው። ገና ሲገባ 200 ብር ግንባሩ ላይ የለጠፈለት ሰው ዘንድ አዝማሪው ተተክሎ ያድራል፤ ማመስገኑ ይረዝማል፣ ጨዋታው ይሟሽሻል። ለአራት ሰው 1,500 ብር በ50ና በ100 ዘርዝራችሁ ግቡ። በ50 ጀምሩ፣ ደህና ግጥም ሲመጣ 100 አድርጉት፣ ሲያልቅ አለቀ። ዝርዝር ያስፈለገው ከአዝማሪ መልስ ስለማይጠየቅ ነው። ስማችሁን፣ ሥራችሁንና አብሯችሁ ያለው ሰው ምናችሁ እንደሆነ አዝማሪው ይጠይቃል፣ የነገራችሁትንም ሁሉ ይዘፍነዋል። ስለ ፍቺ ወይም ስለ መላጣ መስማት የማይፈልግ ሰው ካለ አስቀድሞ ለአስተናጋጇ በጆሮዋ መንገር ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ሐሰተኛው አዝማሪ ቤት። ግድግዳው ላይ አገልግልና ጋሻ ተሰቅሏል፣ ሙዚቃው ግን ኪቦርድ ነው፤ ማሲንቆ የያዘው ሰው ቢኖርም ድምፁ በስፒከሩ ተውጧል። በር ላይ ቆም ብላችሁ አድምጡ፤ የማሲንቆው ድምፅ ለብቻው ካልተለየ ሌላ ቤት ሂዱ። ሁለተኛው ፈተና ግጥሙ ነው። አጠገባችሁ ላለው ጠረጴዛ የተዘፈነው ስም ብቻ ተቀይሮ ለእናንተም ከመጣ ያ በቃል የተያዘ ነው። «ተቀበል» ብላችሁ አንድ ስንኝ ስጡት። ደህናው አዝማሪ ስንኛችሁን ከተቀበለ በኋላ የራሱን ቤት መትቶ፣ ሰሙን ለእናንተ ወርቁን ለጎረቤታችሁ ያደርገዋል። ደካማው ያላችሁትን ደግሞ ዝም ይላል።

ጠጁም እንደዚሁ ነው። የስኳር ጠጅ ቢጫው ይደምቃል፣ አፍ ላይ ይጣፍጣል፣ ጌሾው አይታወቅም፣ የማግስቱን ራስ ምታት ያወቀ ያውቀዋል። የማሩ ጠጅ መዓዛው ይቀድማል፣ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። ሙሉ ብርሌ ከማዘዝ በፊት ጥቂት አስቀድታችሁ ቅመሱ። አልኮል የማይሆንለት ሰው ብርዝ ይዘዝ፤ ስኳር ላለበት ግን ብርዝም ማር ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች ቀለል ቢያደርጋቸው ይሻለዋል።

መቀመጫው ሌላ ጣጣ ነው። በርጩማ ላይ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ጉልበት ይፈትናል፤ መደገፊያ ያለው ከግድግዳው ጥግ ነው፣ እሱን ለማግኘት ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ መግባት ያስፈልጋል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ቦታም አለ፣ አዝማሪውም ጊዜ አለው። ቅዳሜ ማታ ግፊያ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙ ቤት ይቀዘቅዛል ወይም ይዘጋል፤ ጉዟችሁ በዚያ ከዋለ ስለ አዝማሪ አታስቡ። ካዛንቺስ ሂዱ የሚል የድሮ ምክርም አይሠራም፤ አብዛኛው ሰፈር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ፈርሷል፣ ቤቶቹም ተበትነዋል። ደውላችሁ ሂዱ።

የባህል አዳራሾቹ፣ እነ ዮድ አቢሲኒያና 2000 ሐበሻ፣ ወንበራቸው ይመቻል፣ ከጉራጌው እስከ ወላይታው እስከ እስክስታው በአንድ ምሽት ይታያል። ግን ትርኢት ነው፤ ማንም ስማችሁን አይጠይቅም። ለፊተኛው ጠረጴዛ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው፣ የቱሪስት ቡድን ይቀድማችኋል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ መኖሩንና ቡፌው በስንት እንደሆነ፣ ቫት ተጨምሮበት እንደሆነ፣ በስልክ አጣሩ።

ጃዝ የሚወድ ሰው ቤቱን ሳይሆን ባንዱን ይከተል። ቤቶቹ አይበረክቱም፤ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲወድም ሙዚቀኞቹ ግን መጫወታቸውን ቀጥለዋል። መግቢያው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ ከመጠጥ ይቀነስ እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ። ማስታወቂያው 9:00 ካለ ማታ 3 ሰዓት ማለት ነው፣ ጨዋታው የሚጀመረው ግን ብዙ ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ነው። የምትቀመጡት ከስፒከሩ ፊት ሳይሆን ከጎኑ ይሁን። በአዋጅ 1112/2011 ቤት ውስጥ ማጨስ ስለተከለከለ የሚያጨስ ካለ ለአስተናጋጁ መናገር መብታችሁ ነው። ራይድ ወይም ፈረስ የተባለውን በስልክ የሚጠራ ታክሲ የምትጠሩት ሒሳብ ስትጠይቁ ነው፤ ከፍላችሁ ከወጣችሁ በኋላ ከሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደጅ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።